መለኪያው ከመፍቻው ይቅደም፦ የድሮ መኪና ኤሌክትሪክ በጀህራ ሙቀት

ሐምሌ ላይ በኩዌቷ ጀህራ ውስጥ ጠዋት በአንድ ዙር ቁልፍ የተነሣ የድሮ ሸቭሮሌ ካፕሪስ ቀትር ላይ በበቃላ (የሠፈር ሱቅ) በር ላይ አሥር ደቂቃ ቆሞ ሲመለሱበት አንድ ጊዜ «ጠቅ» ይልና ዝም ይላል። ሹፌሩ ባትሪ ነው ይላል። ጎረቤት ሞተሪኖ ነው ይላል። ሰናዒያ (የጋራዦቹ ሠፈር) ያለው ጋራዥ ሁለቱንም ቀይሮ ዲናሞ ይጨምርበታል። በማግስቱ ቀትር ላይ ያው «ጠቅ» ይመለሳል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ብልሽቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። የድሮ መኪና ኤሌክትሪክ ሲያስቸግር አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው ከዕቃ ወደ ዕቃ የሚሄደው መንገድ ነው፦ የላላ የባትሪ መቆንጠጫ፣ የዛገ የማሳ ገመድ፣ በሙቀት የደረቀ ሽቦ። መንገዱን ደግሞ በዓይን አይተው ወይም በግምት አያገኙትም፤ ይለኩታል።

ይህን የምጽፈው ኩዌት ውስጥ የአሠሪያቸውን የድሮ መኪና ለሚይዙ ሹፌሮች፣ በጋራዥ ለሚሠሩ ወገኖች፣ እንዲሁም በራሳቸው ላብ አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ወይም ካፕሪስ ገዝተው ለሚንከባከቡ ነው። እዚህ አገር የድሮ መኪና ክብር አለው፤ ሹዌይክ ውስጥ የታሪካዊና የክላሲክ መኪናዎች ሙዚየም አለ፣ በክረምቱ የድንኳን ወራት ደግሞ ብዙ አሮጌ ባለ አራት ጎማ አንቀሳቃሽ መኪና ወደ በረሃ ይወጣል። ስለዚህ የተበላሸውን አግኝቶ መጠገን የሚችል ሰው ሥራ አያጣም።

ቦታው ራሱ የብልሽቱ አንድ አካል ስለሆነ ጥቂት ልበል። በዚሁ በጀህራ ግዛት ባለችው ሚትሪባ እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2016 የተለካውን 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በእስያ የተመዘገበ ከፍተኛ ሙቀት አድርጎ ተቀብሎታል። ያ የጥላ ሙቀት ነው፤ ኮፈን ሥር፣ በጭስ መውጫው አጠገብ ያለው ከ100 ዲግሪ ያልፋል። በባትሪ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ስሌት አለ፦ የባትሪው ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። የመዳብ ሽቦም ቢሆን ከ25 ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ኤሌክትሪክን የመከላከል ኃይሉ 30 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚህ ላይ ጀህራ ከኩዌት ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ጫፍ ናት፤ የሻማል ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ከባሕር እርጥበትና ጨው ጋር ተቀላቅሎ በየመገናኛው ይገባል። አማካይ ሙቀቱ 16 ዲግሪ አካባቢ በሆነበት አዲስ አበባ ሙያውን የተማረ ሰው እዚህ ሲመጣ ልማዱን መለወጥ አለበት። ሶማሌ ተራ ሄዶ ሌላ ሞተሪኖ ማምጣት እዚያ ብልሽቱን ለጥቂት ጊዜ ሊሸፍነው ይችላል፤ እዚህ ግን አንድ ሳምንት አያቆይም።

ከመጀመርዎ በፊት

ዕቃው ጥቂት ነው። ዲጂታል መልቲሜትር ያስፈልጋል፤ በአል ራይ የዓርብ ገበያ በጥቂት ዲናር የሚገኘው ለዚህ ሥራ ይበቃል። ባለ 12 ቮልት የመሞከሪያ መብራት፣ በሁለቱም ጫፍ ቆንጣጭ ያለው አራት ሜትር ያህል ሽቦ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ መፍቻዎችና የመኪናውን ፊውዝ የሚመስሉ መለዋወጫ ፊውዞች ይያዙ። ከሁሉ በላይ የመኪናውን ዓመትና ሞዴል የሚመለከት የፋብሪካ የጥገና መጽሐፍ ይፈልጉ፤ የሽቦውን ሥዕል ሳያዩ ሽቦ መቁረጥ ሌላ ብልሽት መፍጠር ነው።

ሰዓት ይምረጡ። የኩዌት ሕግ ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31 ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሠራተኛን ሜዳ ላይ ማሠራት ይከለክላል። ማንም ባይቆጣጠርዎትም ያንን ሰዓት ለራስዎ ይጠብቁ። ንጋት ላይ ወይም ከመግሪብ በኋላ ይሥሩ። ሲሞቅ ብቻ የሚታየውን ብልሽት ለመያዝ መኪናውን ነድተው አሙቀው መምጣት ይችላሉ።

ቀለበትና የብረት ሰዓት ያውልቁ። ባትሪ ሲፈቱ በቅድሚያ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘውን ገመድ፣ በአብዛኛው ኔጋቲቩን፣ ይፍቱ፤ ሲያስሩ መጨረሻ ላይ እሱን ይሰሩ። ፖዘቲቩን ቀድመው ሲፈቱ መፍቻው የመኪናውን ብረት ከነካ እሳት ይፈጠራል፣ ቻርጅ ሲደረግ የቆየ ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚያወጣ ሊፈነዳ ይችላል። አንድ መጥፎ ልማድም አለ፤ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅለው «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚሉ ባለሙያዎች ዛሬም አሉ። በአልተርኔተር ላይ ይህን በፍጹም አያድርጉ። ባትሪው በድንገት ሲለይ ቮልቱ ይዘልላል፤ በውስጡ ያሉትን ዳዮዶችም ያቃጥላል።

መኪናው ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ የተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪናዎች ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት ፖዘቲቩን ነው። የቮልስ ባለቤቶች እንደሚያውቁት እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የነበሩት ሞዴሎች 6 ቮልት ናቸው። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ኔጋቲቩ ከአካሉ ጋር ለተያያዘ ባለ 12 ቮልት መኪና ነው፤ ጀህራ ውስጥ የሚያጋጥምዎት አብዛኛው እሱ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በመጀመሪያ ባትሪው

መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ መልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው በሁለቱ የባትሪ እርሳሶች ላይ ይለኩ። 12.6 ቮልት ሙሉ ማለት ነው። 12.4 ከሆነ ሩብ ያህል ጎድሏል፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ቻርጅ ሳያደርጉ ሌላ ምርመራ መጀመር ዋጋ የለውም። ባልተሞላ ባትሪ የተለካ ቁጥር ሁሉ ያሳስታል።

ቀጥሎ አንድ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር ያድርጉና ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱን ያንብቡ። ሙሉ የነበረ ባትሪ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞተሪኖው ከመጠን በላይ ይስባል። ከ10.5 በላይ ቆሞ ሞተሩ ግን ቀስ ብሎ የሚዞር ከሆነ ባትሪውን ይተዉት፤ ጉልበቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነውና ወደሚቀጥለው ክፍል ይለፉ።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ በበጋ ቢያንስ በየወሩ ውሃውን ይዩ። የሚጨመረው የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧ ውሃ በውስጡ ያለው ማዕድን ባትሪውን ያበላሻል። አሲድም አይጨምሩ። በሌላ አገር አምስት ዓመት የሚያገለግል ባትሪ እዚህ ሁለት ዓመት ከሠራ አያማርሩት።

መንገዱን መለካት

ሌላውን ክፍል ቢዘልሉ እንኳ ይህን አይዝለሉ። አንድ ቪ8 ሞተር ሲነሣ ሞተሪኖው 200 አምፔር ያህል ይስባል። በመንገዱ ላይ የኦም አምስት ሺህኛ ብቻ የሚሆን ዝገት ቢኖር 200 ሲባዛ በ0.005 አንድ ቮልት ጠፋ ማለት ነው። ያን ያህል ትንሽ ኦም ተራ መልቲሜትር አይለካውም። በኦም መለኪያ ገመዱን ፈትሸው «ዜሮ ነው፣ ደህና ነው» ያሉ ብዙዎች የተሳሳቱት በዚህ ነው። ከውስጡ አንድ ክር ብቻ የቀረው ገመድም በኦም ሲለካ ዜሮ ያሳያል። ጉድለቱ የሚጋለጠው ትልቅ ጉልበት እያለፈበት ሲለካ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ እንዳይነሣ ያድርጉ፦ ባለ ፑንቲና ከሆነ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ነቅለው ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር ያስነኩ። ከ1975 ወዲህ ያለ ጄኔራል ሞተርስ ከሆነ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን የሚገባውን ሮዝ ሽቦ ይንቀሉ። ከዚያ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ይያዙ። መቆንጠጫውን ሳይሆን እርሳሱን ራሱን ይንኩ፤ ብዙ ጊዜ ዝገቱ ያለው በሁለቱ መካከል ነውና። ሰው ቁልፉን ያዙር። መልቲሜትሩ 0.2 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ካሳየ የመመለሻው መንገድ ደህና ነው። 0.5 ካለፈ ሌላ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት እዚህ ጋር ይቁሙ።

አሁን ቦታውን ለማግኘት አንዱን ጫፍ በእርሳሱ ላይ እንደያዙ ሌላውን ደረጃ በደረጃ ያንቀሳቅሱ፦ መጀመሪያ በመቆንጠጫው ላይ፣ ከዚያ በገመዱ ወዲያኛው ጫፍ፣ ከዚያ ገመዱን በያዘው ቡሎን፣ ከዚያ በሞተሩ ብረት ላይ። ቁጥሩ በድንገት የዘለለበት ቦታ ብልሽቱ ያለበት ነው። በፖዘቲቩ በኩልም ከባትሪው እርሳስ እስከ ሞተሪኖው ትልቁ ቡሎን ድረስ እንዲሁ ይለኩ። ሶሌኖይዱን ጨምሮ ጠቅላላው ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም።

ያገኙትን መገናኛ ፈትተው ሁለቱንም ወገን እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። ቀለም ካለ እስከ ብረቱ ይፋቁት። ጥርስ ያለው ሮንዴላ አስገብተው አጥብቀው ይሰሩ፤ ከታሰረ በኋላ ከላይ ቫዝሊን ይቀቡ፣ አየርና ጨው እንዳይገባ። ገመዱ ራሱ ሲታጠፍ የሚንኮሻኮሽ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የሚያወጣ ከሆነ ይቀይሩት።

ሞተሩ የተቀመጠው በጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ከሞተሩ ወደ መኪናው አካል የሚሄድ የማሳ ገመድ ከሌለ ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ የነዳጅ መስጫውን ወይም የፍጥነት መለኪያውን ካቦ ይይዛል። እነዚያ ካቦዎች ሲግሉ ወይም ሲጨሱ ካዩ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አይፈልጉ። ሦስት መንገዶች እንዲኖሩ አደራ፦ ከባትሪ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ መኪናው የፊት ግድግዳ፣ ከባትሪ በቀጥታ ወደ አካሉ።

ይህ በተለይ አዲስ ቀለም በተቀቡ መኪናዎች ላይ ይብሳል። ባለቤቱ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ መኪናውን እስከ ሻንሲው አስፈትቶ ያምር ዘንድ ያስቀባዋል። ሲገጠም ግን መብራቶቹ ያብዳሉ፦ ፍሬን ሲረግጡ ፍሬቻው አብሮ ይበራል፣ የፊት መብራት ሲያበሩ የነዳጁ መለኪያ ይወርዳል። የሚያምረው ቀለም የማሳውን መንገድ ዘግቶታል። አንዱ መብራት ሲበራ ሌላው የሚለወጥ ከሆነ የዚያን መብራት ቤት ማሳ ይፈልጉ። በረጅሙ ሽቦ ከመብራቱ ቤት ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ በጊዜያዊነት ያገናኙና ከተስተካከለ መልሱን አግኝተዋል።

ሲሞቅ የማይነሣ መኪና

ወደዚያ «ጠቅ» እንመለስ። በሸቭሮሌ ቪ8 ላይ ሞተሪኖው ከነሶሌኖይዱ ከጭስ መውጫው ሥር ተቀምጧል። ሞተሩ ሲጠፋ ነፋስም ቀዝቃዛ ውሃም የለም፤ ሙቀቱ እላዩ ላይ ይከማቻል። የሶሌኖይዱ መዳብ ሲሞቅ ለመሳብ የበለጠ ቮልት ይፈልጋል፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተዘረጋው ሽቦ ደግሞ ያነሰ ቮልት ያደርስለታል። ጠዋት የበቃው ቀትር ላይ አይበቃም።

መኪናውን ነድተው ያሙቁትና አጥፍተው አሥር ደቂቃ ያቁሙ። እምቢ ሲል በሶሌኖይዱ ላይ ያለችውን ትንሿን፣ ሐምራዊ ሽቦ የታሰረባትን ጫፍ፣ ቁልፉ ወደ ማስነሻ ሲዞር ይለኩ። እጅዎ እንዳይቃጠል ጓንት ያድርጉ፣ መኪናውን በክሪክ ብቻ ተማምነው ሥሩ አይግቡ። 10 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰና ከላይ የለካናቸው ወፍራም ገመዶችም ደህና ከሆኑ፣ አዎ፣ ሞተሪኖው ወይም ሶሌኖይዱ ነው፤ አሁን ገንዘብዎን ቢያወጡ አግባብ ነው። እዚህ አገር ሞተሪኖውን «ሰልፍ» ነው የሚሉት፣ በዚያ ስም ይጠይቁ።

7 ወይም 8 ቮልት ብቻ ከሆነ ግን አዲስ ሞተሪኖም አይረዳዎትም። ያ ቮልት ከባትሪው ተነሥቶ በፊት ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ መሰኪያ፣ በማስነሻ ቁልፉ ቤት፣ አውቶማቲክ ማርሽ ካለውም ማርሹ በቦታው መሆኑን በሚፈትሸው ስዊች አልፎ ነው የሚመጣው። በየመገናኛው እየጎደለ ይመጣል። እያንዳንዱን እንደበፊቱ ደረጃ በደረጃ ይለኩ፣ ያጽዱ። አስተማማኙ መፍትሔ ግን ሪሌይ ማስገባት ነው፦ ሪሌዩን ከባትሪው አጠገብ በቀዝቃዛ ቦታ ይሰሩት፤ የድሮው ሐምራዊ ሽቦ ሪሌዩን ብቻ ይቀስቅስ፣ ከባትሪው በፊውዝ ያለፈ ወፍራም ሽቦ ደግሞ በሪሌዩ በኩል ለሶሌኖይዱ ጉልበት ያድርስ። ገመዶቹን ከጭስ መውጫው አርቀው ያስኪዱ፤ በመካከል የሙቀት መከለያ ቆርቆሮ ከነበረና ጠፍቶ ከሆነ ይመልሱት። የጋለ ሞተሪኖ ላይ ውሃ አይድፉ።

ቻርጅ የማያደርግ ዲናሞ

ሞተሩን አስነሥተው ነዳጅ ትንሽ ሰጥተው በባትሪው ላይ ይለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት፤ በጣም ሲሞቅ በትንሹ ዝቅ ቢል አይደንግጡ። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፣ ባትሪው እየፈላ ነው፤ መኪናውን አይንዱት። ከ13 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቺንጋውን ይጫኑት፣ ከዚያ ገመዶቹን ይዩ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር የዳሽቦርዱ የቻርጅ መብራት ነው። በብዙ አልተርኔተሮች ላይ ማመንጨት እንዲጀምር የመጀመሪያውን ጉልበት የሚያገኘው በዚያች ትንሽ አምፖል በኩል ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲከፈት መብራቷ መብራት አለባት። ካልበራች አምፖሏን ይቀይሩ፤ በጥቂት ፊልስ አምፖል ምክንያት ደህና ዲናሞ ሲጣል አይቻለሁ።

አሁን አንድ ስሌት። በ1960ዎቹ የወጡ ብዙ መኪናዎች አልተርኔተራቸው 40 አምፔር እንኳ አይሞላም ነበር። በኋላ ኤሲ፣ የኤሌክትሪክ ፋንና ትልቅ ቴፕ ተጨምሮባቸዋል። የፊት መብራት 10፣ የኤሲው ነፋሽ 15 እና ከዚያ በላይ፣ ፋኑ 20 አምፔር ቢወስዱ በ80 ቁጥር መንገድ መጨናነቅ ውስጥ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ባትሪው ከሚሰጠው ያነሰ ይቀበላል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ዕቃውና ጭነቱ አልተመጣጠኑም። ከፍ ያለ አምፔር ያለው አልተርኔተር ይግጠሙ፤ ከሱ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ሽቦም አብረው ያወፍሩ፣ ካልሆነ የድሮው ሽቦ ይቀልጣል።

አድሮ ባትሪ የሚጨርስ

ሁሉንም ያጥፉ፣ በሮችን ይዝጉ፣ ኔጋቲቩን ፈትተው መልቲሜትሩን በአምፔር ላይ አድርገው በእርሳሱና በገመዱ መካከል ያስገቡ። በዚህ ጊዜ መኪናውን አያስነሡ፣ መልቲሜትሩ ይቃጠላል። ሰዓት ብቻ ያለው የድሮ መኪና ከ0.05 አምፔር በታች ነው የሚስበው። ግማሽ አምፔር ካዩ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በአምስት ቀን ባዶ ይሆናል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ የወረደበትን መስመር ይያዙ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የዕቃ መጫኛው ወይም የዳሽቦርዱ ኪስ መብራት፣ አለዚያም በኋላ የተገጠመ ቴፕ ነው። ፊውዝ ሁሉ ተነቅሎም ካልወረደ የአልተርኔተሩን ወፍራም ሽቦ ይፍቱ፤ ከወረደ ዳዮዱ ተበላሽቷል።

እየሄደ የሚጠፋ ሞተር

መንገድ ላይ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚለዩት ነዳጅ ነው ወይስ እሳት የሚለውን ነው። በዚህ ሙቀት ቤንዚን በፓምፑና በካርቡሬተሩ ውስጥ ይፈላል፤ ምልክቱ ከኤሌክትሪክ ብልሽት ጋር ይመሳሰላልና ብዙ ቦቢና ያለ ጥፋቱ ተቀይሯል። መለዋወጫ ካንዴላ በአንዱ ገመድ ጫፍ ሰክተው አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር በማስነሻ ገመድ ቆንጣጭ ያስሩና ሞተሩን ያዙሩ። በእጅዎ አይያዙት፤ በተለይ ከ1975 በኋላ ያለው የጄኔራል ሞተርስ ሥርዓት ኃይለኛ ነው። ቤንዚን በፈሰሰበት አካባቢም ይህን አይሞክሩ። ሰማያዊ፣ የሚጮህ ብልጭታ ካለ ኤሌክትሪኩን ይተዉና ወደ ነዳጁ ይሂዱ።

ብልጭታው ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ከሌለ፣ ባለ ፑንቲና መኪና ላይ ፑንቲናውን ይክፈቱ። ክፍተቱ በአብዛኛው 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ትክክለኛውን ከመጽሐፉ ያረጋግጡ። ፊቱ የተቃጠለ ከሆነ ኮንደንሰሩንም አብረው ይቀይሩ። ሃያ ደቂቃ ሄዶ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ መኪና ቦቢናው ወይም ኮንደንሰሩ ይጠረጠራል፤ በኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢዩተር ላይ ደግሞ ሞጁሉ። ሞጁል ሲቀይሩ ከሥሩ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት አይርሱ፤ ያለሱ በጀህራ በጋ አይዘልቅም።

አንድ ምልክት ግን ማስታወሻ ላይ ይጻፉ፦ ቁልፉ በማስነሻ ላይ እያለ ሞተሩ ይነሣል፣ ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው ይጠፋል። ይህ የቦቢናው መከላከያ ሬዚስተር ወይም ሽቦው ተቋርጧል ማለት ነው። በቀጥታ ሽቦ አገናኝቶ ማለፍ ቤት ያደርሳል፣ ነገር ግን እንደዚያው ከተዉት ፑንቲናውን ያቃጥለዋል።

መብራትና ፊውዝ

ለፊት መብራት የሚደርሰው ቮልት በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ደካማ መብራት ላይ ትልቅ አምፖል ከመግጠም በሪሌይ በኩል ከባትሪው አዲስ ሽቦ ይሳቡ። እንደ መርሰዲስና ቮልስ ባሉት የጀርመን መኪናዎች ፊውዞቹ ነጩ 8፣ ቀዩ 16 አምፔር ናቸው። ሳይቃጠሉ ጫፋቸው ብቻ ዝጎ ይዘጋልና መጀመሪያ በጣትዎ ያሽከርክሯቸው፣ ከዚያ አጽድተው ይመልሱ። የተቃጠለን ፊውዝ በትልቅ ፊውዝ ወይም በሲጋራ ወረቀት ብር አይተኩ፤ የመኪና ቃጠሎ የሚጀምረው እዚያ ነው። ደጋግሞ ከተቃጠለ በፊውዙ ምትክ የመሞከሪያ መብራቱን ያስገቡና ሽቦውን እየነቀነቁ ይከተሉ፤ መብራቱ የሚጠፋበት ቦታ ሾርቱ ያለበት ነው።

ሽቦ ሲቀጥሉ ሁለቱን ጠምዝዘው በናስትሮ ጠቅልለው አይተዉ። የናስትሮው ሙጫ በዚህ ሙቀት ቀልጦ ይንሸራተታል። በሊድ ይበይዱት ወይም በመጭመቂያ መገናኛ ያስሩት፣ ከላይ በሙቀት የሚኮማተር ሽፋን ያድርጉበት፣ እንዳይንቀጠቀጥም ከአካሉ ጋር ይሰሩት። ሽፋኑ ሲታጠፍ እንደ ብስኩት የሚሰባበር ሽቦ ከሆነ አንድ ቦታ መጠገን አይበቃም፤ ገንዘብ ተቆጥቦም ቢሆን የዚያ ክፍል ሽቦ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ። ሁልጊዜም የእሳት ማጥፊያ በመኪናው ውስጥ ይኑር።

ጋራዥ መሄድ ግድ ሲሆን ቁጥር ይዘው ይሂዱ። «አልነሣ ብሎኛል» ያለ ሰው የሚሸጥለትን ይገዛል። «ባትሪው 12.6 ነው፣ ከባትሪ እስከ ሞተር ማሳው 0.8 ይጥላል» ያለ ሰው የሚፈልገው አንድ ገመድ ብቻ እንደሆነ ባለሙያውም ይረዳል፤ አሠሪዎም ወጪውን ሲጠይቅ የሚያሳዩት ነገር ይኖርዎታል። ስለዚህ መኪናው ደህና ሳለ የለኳቸውን ቁጥሮች፣ የቆመበትን፣ የማስነሻውን፣ የማሳውንና የቻርጁን ቮልት በወረቀት ጽፈው በዳሽቦርዱ ኪስ ያስቀምጡ፤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሙቀቱ ሳይበረታ እንደገና ይለኩና ያወዳድሩ። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሲሄዱ ባትሪውን ሞልተው ኔጋቲቩን ይፍቱ። ሲመለሱ ከማሰርዎ በፊት ይለኩ፤ 12.4 ካልሞላ መጀመሪያ ቻርጅ ያድርጉ፣ ከዚያ ያስነሡት።